የጡብ ካቴድራል በአማርኛ

ሰኞ

እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

የደወለችው ስቴፋኒ ናት፣ ከአስተርጓሚ ኤጀንሲው። ሆስፒታል እንዳትመድበኝ ከጠየቅኳት ወዲህ ድምፅዋ ለስልሷል፤ በሽተኛ የምታናግር ይመስላል። «ሰው የሌለበት ሥራ አግኝቼልሻለሁ። ጽሑፍ ነው» አለች። ሰው የሌለበት። ደህና።

ዲሲ ያለ አንድ ሙዚየም ስለ አንድ የፈረንሳይ ካቴድራል ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው። ጎብኚው በጆሮው እየሰማ የሚዞርበት ማብራሪያ አለ። እሱን ወደ አማርኛ መመለስ ነው ሥራዬ፤ ሲያልቅ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ካቴድራሉ አልቢ በምትባል ከተማ ነው ያለው። በመካከለኛው ዘመን የተሠራ፣ ቤተ ክርስቲያንም ምሽግም የሆነ፣ ሁለመናው ጡብ።

ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። ቤተ ክርስቲያን አይመስልም። ቀይ ገደል ነው የሚመስለው። መስኮቶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ደግሞ እላይ ናቸው፤ መሬት የቆመ ሰው አይደርስባቸውም። የግድግዳው እግር ወደ ውጭ ሰፋ ብሏል፣ መሰላል ሊያስደግፍ የመጣ እንዲቸገር ይሆናል።

አየሁት፣ ዘጋሁት። ምንም አልተሰማኝም። ሰሞኑን የሚሰማኝ ነገር የለም።

ልጄ ቤቴል ከትምህርት ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ማም፣ ዩ ኦኬ?»

ደህና ነኝ አልኳት። ምሳ በልተሽ ነበር ወይ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። አላስታወስኩም። ሲንኩ ውስጥ ሳህን ነበር። በልቻለሁ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ሆስፒታል ለምን እንደማልሄድ ልጻፈው። ስም አልጽፍም። ሕጉ አይፈቅድም፣ ለራሴም ቢሆን አልጽፍም። እናትየዋ እላታለሁ።

ባለፈው ወር ነው። ድንገተኛ ክፍል ጠሩኝ። ወደ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች፤ ሁለት ወንበር፣ ሶፋ፣ የሶፍት ካርቶን። ያቺን ክፍል እናውቃታለን፣ አስተርጓሚዎች ሁሉ። ስገባ እናትየዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልጇ ሥራ ቦታ ወድቆ አምቡላንስ እንዳመጣው ነው የምታውቀው።

ሐኪሙ ገባ። ደግ ሰው ነው፣ ፊቱ ላይ ድካም ይታያል። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ የተማረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ ከዚያ እኔን ጠበቀ።

የእኛ ሥራ ሕግ እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ «እኔ» ካለ አንቺም «እኔ» ትያለሽ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታለዝቢ።

እኔ ደግሞ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ዘመድ ይሰበሰባል። አነጋገር የሚያውቅ ሰው ይመረጣል። በማለዳ ይኬዳል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፣ የሚደግፋት ሰው በግራ በቀኝ ይቆማል። ለአንዲት እናት፣ ብቻዋን፣ በቀትር፣ የማያውቋት ሰዎች ፊት ማንም አይነግራትም።

ሐኪሙ እየጠበቀ ነው።

«ልጅዎ ሞቷል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረ። አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩ። እናትየዋ እሱን አላየችም። ስታይ የነበረው የእኔን አፍ ነው።

ስጨርስ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ቤት ደርሼ ሽንኩርት ከተፍኩ። አላለቀስኩም። በሽንኩርቱም አላለቀስኩም።

ዛሬ ስለ ጡቡ ያለውን ክፍል ተረጎምኩ። ለግንባታ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ በቅርብ ስላልነበረ ከወንዙ አጠገብ ባለው ሸክላ አፈር ጡብ እየተኮሱ ሠሩት ይላል። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። የጀመሩት ሰዎች ሲያልቅ አላዩትም።

ባሌ ግርማ ከትራኩ ላይ ደወለ። ኦሃዮን እያለፈ ነው። «መቼ ነው የምትመለሺው?» አለኝ። ሥራውን ማለቱ ነው። «እንጃ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ረቡዕ

አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፣ ጋሽ ዘለቀ ቤት። ጡረተኛ ናቸው። ወጣት ሳሉ የጎንደር ግንቦች ሲጠገኑ ንድፍ ያነሱ ነበር፤ አሁን ከልጃቸው ጋር አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው። የግንባታ ቃል ቢያቀብሉኝ ብዬ ነው የሄድኩት።

ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ካቴድራል ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ እስር ቤት መስሎኝ!»

ከዚያ ግን ደስ አላቸው። ግድግዳውን ከውጭ የያዙት ግማሽ ክብ ነገሮች ላይ ጣታቸውን አስኬዱ። እንግሊዝኛው ባትረስ ይለዋል። «ደጋፊ ግንብ በይው። ጣራው ድንጋይና ጡብ ነው፣ ይከብዳል፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይኼ ደግሞ መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሌሎች ዘንድ ደጋፊው ደጋፊ ይመስላል። እነዚህ ግን አክብበው ማማ አስመሰሉት።» ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ዙሪያ ያሉትን ማማዎች አነሱልኝ፤ ግንብና ጸሎት አብሮ መኖሩ ለእኛም እንግዳ እንዳልሆነ።

«መድፍ የሚያስቀምጡበት ነው» አሉ ቆይተው።

«ያኔ እዚያ መድፍ አልነበረም ጋሼ። ጽሑፉም አይልም።»

«ታዲያ ማንን ፈርተው ነው?»

የሚቀጥለውን ገጽ አነበብኩላቸው። በዚያ አገር ከሮም የተለየ እምነት የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። የመስቀል ጦርነት ታወጀባቸው፤ ተሸነፉ። ካቴድራሉ የተጀመረው ከድሉ በኋላ ነው። ያስጀመረው ጳጳስ ሃይማኖት መርማሪ ዳኛም ነበር፤ ቤቱም ከካቴድራሉ ጎን ያለ ሌላ ምሽግ ነው።

«አሃ» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «የራሱን ሕዝብ ነዋ የፈራው።»

«መናፍቅ» የሚለው ቃል ላይ ተከራከርን። እኔ አልጽፈውም አልኩ፤ ዛሬም ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። እሳቸው ደግሞ «ያኔም እኮ መሰደቢያ ነበር፣ ልክ ነው ቃሉ» አሉ። በመጨረሻ «መናፍቃን ያሏቸው» ተባለ። ውስጡን «ቅኔ ማኅሌት» ልለው ነበር፣ እምቢ አሉ። የእኛ መቅደሱን የሚከብ ነው፣ ያ አንድ ረጅም ወለል ነው፣ መሃሉ ላይ ዓምድ እንኳ የለም። «አዳራሽ» አልነው።

ከዚያ ሻይ እየቀዱልኝ፣ ሳይታሰብ፣

«ቅዳሜ ነይና እንጨርሰው። ቅዳሜ እዚህ ነኝ፤ የጎረቤቴ ልጅ አርባ ነው። አንድ ልጇን እኮ ነው ያጣችው።»

«ምን ሆኖ?» አልኩ። አፌ ነው የጠየቀው።

«ሆቴል ውስጥ መኪና ያቆም ነበር። እዚያው ወደቀ። ልብ ነው አሉ።» ስኳሩን ገፋ አደረጉልኝ። «ሆስፒታል ማን እንደነገራት ታውቂያለሽ? የእኛው ሰው ናት፣ ሐበሻ። ፊት ለፊት፣ ሞቷል! ብላ። ምን ዓይነት ልብ ቢሰጣት ነው?»

ላፕቶፑን ወደ እኔ መለስኩት።

«ቅስቱን ምን እንበለው ጋሼ?» አልኩ።

ሐሙስ

ምንም። ቤቴል ፒዛ አዘዘች።

ዓርብ

ዛሬ የውስጡ ክፍል ነው። ከውጭ ያ ሁሉ ራቁት ጡብ፣ ውስጡ ግን አንድ ባዶ ቦታ የለውም። ጣራው ሰማያዊና ወርቅ ነው፤ ኋላ የመጡ ጳጳሳት ከጣሊያን ሠዓሊ አስመጥተው አሠሩት። መሃል ላይ ካህናቱን ከሕዝቡ የሚለይ የድንጋይ መጋረጃ አለ። ድንጋይ አይመስልም፣ ጥልፍ ነው። «የድንጋይ መጋረጃ» ብዬ ተውኩት፤ የእኛ ሰው መጋረጃ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

በምዕራቡ ግድግዳ የመጨረሻው ፍርድ ተሥሏል፣ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ላይ። ሙታን መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ይነሳሉ። ከታች ኃጥአን እንደ ኃጢአታቸው ዓይነት ይሠቃያሉ። መሃሉ ግን የለም። ኋላ ላይ ግድግዳውን በስተው ጸሎት ቤት ሲያስገቡ መሃሉ ፈረሰ። ፈራጁ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ነው።

ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስንት ትውልድ ወደዚያ ቀዳዳ እያየ ጸለየ? ጽሑፉ ይህን አይልም። አትጨምሪ።

ሲደመጥ ይሄድ እንደሆነ ለማወቅ ለቤቴል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አማርኛ መናገር ትሸሻለች እንጂ ትሰማለች። ሶፋው ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ማም፣ ጂፒኤስ ትመስያለሽ» አለች፣ በእንግሊዝኛ።

ሳቅኩ መሰለኝ። እሷ አልሳቀችም። ተነስታ ተቀመጠች።

«ሳምባዲ ዳይድ?» አለችኝ፤ ሰው ሞቷል ወይ ማለቷ ነው።

«ሥራ ነው። መናገር አልችልም።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

አሰብ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ ብላ በአማርኛ፣ «ደስ አይልም ይኼ ሕግ» አለች።

ቅዳሜ

አልሄድም ብዬ ነበር ያደርኩት። ጋሽ ዘለቀን ኮል አድርጌ አይመቸኝም ልላቸው ስል ቀደሙኝ፤ «ቶሎ ነይ፣ ድንች የሚልጥ ሰው ጠፋ!» ብለው ዘጉት።

ሄድኩ። የአፓርትመንቱ ፓርቲ ሩም ውስጥ ሴቶች ይራወጣሉ፣ ትሪ በትሪ ላይ። ጋሽ ዘለቀ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይደረድራሉ። እናትየዋ እላይ ፎቅ ከቄሶቹ ጋር ናት አሉ። እጄን ያዝ አድርገው ወደ ውስጥ ሊያስገቡኝ ሲሉ እግሬ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ።»

«የቷ?»

«የነገረቻት።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። የያዙትን ወንበር ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ከዚያ እዚያው ላይ ተቀመጡበት።

«አፌን ይቁረጠው» አሉ።

«እርስዎ ምን ያድርጉ። አላወቁም።»

«ሥራሽ ነው?»

«ሥራዬ ነው። ሐኪሙ ያለውን ነው የምለው። ሌላ ማለት አልችልም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ብዙ ጊዜ። አንዲት ሴት ከውስጥ «ጋሽ ዘለቀ፣ ወንበር!» ብላ ተጣራች። 

«ዛሬ አትግቢ» አሉኝ። «ሰው ብዙ ነው። ድምፅሽን ብትሰማ ምን እንደምትሆን አላውቅም። እኔ ማታ አናግራታለሁ። ትምጣ ካለች ነገ ከቅዳሴ በኋላ እወስድሻለሁ። አትምጣ ካለችም አለች ነው።»

ድንቹን ሳልልጥ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አሰብኩት፤ ሕጉን ጥሻለሁ። ስም ባልጠራም ጥሻለሁ። የሥራ ፈቃዴን ሊወስዱብኝ ይችላሉ። ይኼም ቢሆን አላስፈራኝም፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ነው ያሰብኩት።

እሑድ

ትምጣ አለች።

ጋሽ ዘለቀ ነጠላቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ከፊት ከፊት እየሄዱ በሩን እሳቸው አንኳኩ። ራሷ ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከማስታውሳት አጥራለች። ግድግዳው ላይ የልጁ ፎቶ አለ፣ በምረቃ ጋውን፣ ቆቡ ዘሞበት። ያን ዕለት ፊቱን አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ጋሽ ዘለቀ «እኔ በረንዳው ላይ ነኝ» ብለው ወጡ። እንደገና አፌን ታያለች።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት» አልኩ።

«እሷ ናት» አለች፣ ለራሷ። «ድምፁ የእሷ ነው።»

 ከበላያችን ፎቅ ላይ አንድ ሕፃን ይሮጣል፣ ግድ ግድ ይላል።

«ረግሜሽ ነበር» አለች። «ውሸት አልነግርሽም። መጀመሪያ ሰሞን ጧት ማታ ረገምኩሽ። ሐኪሙን አይደለም፣ አንቺን። እሱ ፈረንጅ ነው፣ አያውቅም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ምን ልበላት? ሕጉን ልንገራት? «ሌላ ሰው አልነበረም» አልኩ። «እርስዎም ብቻዎን ነበሩ፣ እኔም ብቻዬን ነበርኩ።»

 የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

«የጠራሁሽ ለዚያ አይደለም» አለች። «ከዚያ ቃል በኋላ ሰውየው ብዙ ተናግሯል። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ምንድን ነው ያለው?»

«ሁሉንም ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። አልሰማሁም።»

ለካ ይኼ ነው። እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ስወጣ፣ እሷ ያን አንዱን ቃል ብቻ ይዛ ቀርታለች።

እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ። አንድም አልጠፋኝም፣ ለዚያም ነው መሰለኝ እንቅልፍ የማይመጣልኝ። ነገርኳት። ዛሬ ግን «እኔ» አላልኩም። «ሐኪሙ እንዲህ ብለዋል» እያልኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ እሷ ቀጥዪ ስትለኝ እየቀጠልኩ። ሲደርስ ልቡ ቆሞ ነበር። ብዙ ደከሙ። አንዴ የተመለሰ መስሏቸው ነበር፣ እንደገና ቆመ። አልነቃም። ሕመም አልተሰማውም ብለው ያምናሉ።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። አንዲት ነርስ እስከ መጨረሻው እጁን ይዛው ነበር ብለዋል።»

ቀና አለች። «ይህን ብሏል?»

«ብለዋል።»

«ይህን ነግረሽኝ ነበር?»

«ነግሬዎት ነበር።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች።  ከዚያ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«አላሉም። ግን መጠየቅ ይችላሉ። ደውለው ሐኪሙንም ነርሷንም ማግኘት እፈልጋለሁ ማለት መብትዎ ነው።»

«ይቻላል እንዴ?»

«ይቻላል።»

ማንም አልነገራትም። እኔም ያን ዕለት አልነገርኳትም፤ ሐኪሙ አላለማ።

በረንዳው ላይ ጋሽ ዘለቀ ካፖርት ሳይደርቡ ቁጭ ብለዋል። አፍንጫቸው ቀልቷል። 

ሰኞ

ከእናትየዋ ጋር በስፒከር ሆነን ሆስፒታሉ ደወልን። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አዙረውን አዙረውን፣ በመጨረሻ አንዲት ሴት ስልክ ቁጥራችንን ወስዳ ከሰዓት በኋላ ኮል ባክ አደረገችልን። አፖይንትመንት ለሐሙስ። ነርሷም ሺፍቷ ነው፣ ትመጣለች።

«አንቺም ነይ» አለችኝ እናትየዋ።

«አስተርጓሚ ሆኜ መምጣት አልችልም። እነሱ የራሳቸውን ያቀርባሉ።»

«ማን አስተርጉሚ አለሽ? ነይ ነው ያልኩሽ።»

የካቴድራሉን የመጨረሻ ገጽ ጨረስኩ። ስለ መግቢያው ነው። ግድግዳው ከተሠራ ከብዙ ዘመን በኋላ በደቡብ በኩል ደጀ ሰላም አቆሙለት፣ በነጭ ድንጋይ፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ። ቀዩ ጡብ ላይ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ይመስላል። ለጋሽ ዘለቀ በስልክ አነበብኩላቸው። «ደጀ ሰላም» ማለቴ አልተዋጠላቸውም፣ የእኛው ደጀ ሰላም ሌላ ነው አሉ። ነገሩ ሰው ከመግባቱ በፊት ቆም የሚልበት ጥላ ነው፤ አልቀይርም አልኳቸው። «ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ብለው ተቆጡ። ተቆጥተውም አልዘጉትም።

ለስቴፋኒ ላክሁት። ወዲያው መለሰች፤ በጣም አመሰግናለሁ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሆስፒታል ክፍት ቦታ አለ፣ ምን ይመስልሻል?

ሐሙስ

ሆስፒታሉ ዛሬ ያስገባን ያቺ ትንሽ ክፍል ውስጥ አይደለም። እላይ ፎቅ ነው፣ መስኮት ያለው። ሐኪሙ ወዲያው አወቀኝ፣ ግራ ገባው። «ዛሬ እንግዳ ነኝ» አልኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈኝ።

አስተርጓሚው በስክሪን ነው፣ ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ። ወጣት ልጅ ነው፣ ጥሩ አማርኛ አለው፣ ክራቫት አስሯል። መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ማን ማን እንደሆነ ጠየቀ። እናትየዋ «እኔና እህቴ» አለችው። ወደ እኔ አልዞረችም።

ቦርሳዋን ይዤላት ተቀመጥኩ። አስተርጓሚው ልጅ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቃል ሲጠፋው አፌ ሊከፈት ደርሶ መለስኩት።

ነርሷ ገባች። አጭር ናት፣ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ከመቆም ብዛት እግሯ ያበጠ። አንድ ነገር ልታነብ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ ባዶ እጇን ነው። እናትየዋ ያሰበችውን ሁሉ ትታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፤ እንዴት ነው የያዝሽው?

ነርሷ ተናገረች። ልጁ በስክሪኑ ተከተላት፣ በወንድ ድምፅ፣ «እጁ ቀዝቅዞ ነበር። በሁለት እጄ ያዝኩት። እኔም ወንድ ልጅ አለኝ። ስሙን አንብቤ በስሙ ጠራሁት። በደንብ እንዳልጠራሁት አውቃለሁ።»

እናትየዋ ተነሳች። የነርሷን ሁለት እጆች ሳበች፣ ገለበጠቻቸው፣ መዳፏን ሳመች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ የልጇን ስም ነገረቻት፣ እንዴት እንደሚጠራ። ነርሷ ደገመችው። አልተስተካከለም። እናትየዋ እንደገና አለችላት፣ እንደገና ደገመችው። ከዚያ ሁለቱም ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው ቀሩ። ሐኪሙ መስኮቱን ያያል።

«ይቅርታ» አለ ልጁ ከስክሪኑ። «ድምፅ ተቋርጧል? ይሰሙኛል?»



«ይሰማል» አልኩት እኔ። «ትንሽ ታገሰን፣ ወንድሜ።»

እናትየዋን ቤቷ አድርሼ ስመለስ ድልድዩ ላይ ትራፊክ ቆሞ ነበር።   ቤት ስገባ ቤቴል ምን ሆንሽ አለችኝ፣ በአማርኛ። ራበኝ አልኳት። ሁለት እንቁላል ጠበሰችልኝ፣ ጨው በዛበት፣ ጨረስኩት።

ለስቴፋኒ ገና አልመለስኩላትም።